ከአንጎል ምርምር ወደ አንደኛ ክፍል፦ የስታኒስላስ ደሃን ሥራ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ስለ ትምህርት ጥራት ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም የሚደመደመውም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው በይፋ ከተነገረ ወዲህ ስለ ፈተናው አሰጣጥ፣ ስለ ኩረጃና ስለ ዩኒቨርሲቲ ቅበላ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ያለፉት አራት አሥርት ዓመታት የአንጎል ሳይንስ ግን ትኩረቱን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስደዋል። በሒሳብ ትምህርት ረገድ የብዙ ልጆች ዕድል የሚወሰነው በስድስትና በሰባት ዓመታቸው፣ በቃል የሚያውቁት ቁጥር ከተጻፈው ምልክትና ከሚወክለው ብዛት ጋር በሚገናኝበት ወይም ሳይገናኝ በሚቀርበት ጊዜ እንደሆነ ያመለክታል። ይህን አመለካከት ለማስረጽ የፈረንሳዊውን የስታኒስላስ ደሃንን ያህል የደከመ ተመራማሪ ጥቂት ነው፤ የሥራ ሕይወታቸውም ከሱዳን ድንበር አጠገብ ለሚገኙት ለአብርሃ ጅራ፣ ለመተማና ለቋራ ልጆች የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሒሳብ ወደ አንጎል

ደሃን በ1965 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በሩቤ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው ሒሳብ ሲሆን የተማሩትም በፓሪስ በሚገኘው፣ ብዙ የፈረንሳይ ሊቃውንትን ባፈራው ኤኮል ኖርማል ሱፔርየር ነው። ወደ አንጎል ጥናት ያዘነበሉት የነርቭ ሥነ ሕይወት ሊቁ ዣን-ፒየር ሻንዦ በ1983 ያሳተሙትን፣ የሰውን አስተሳሰብ በነርቭ ሴሎች አሠራር ለማስረዳት የሞከረውን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ነበር። ከዚያም የሕፃናትን የቋንቋ አቀባበል በማጥናት በሚታወቁት በዣክ ሜለር መሪነት በ1989 በሙከራ ሥነ ልቦና የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ፤ ከ1992 እስከ 1994 ድረስ ደግሞ በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከትኩረት ተመራማሪው ከማይክል ፖስነር ጋር ሠሩ። በ2005 በፈረንሳይ ከፍተኛ ክብር ከሚሰጣቸው የትምህርት ተቋማት አንዱ በሆነው በኮሌዥ ደ ፍራንስ የሙከራ ሥነ ልቦናን ወንበር ተረከቡ፤ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሳክሌ የሚገኘውን፣ ኒውሮስፒን የተባለውን የአንጎል ምስል ምርምር ማዕከልም መርተዋል። በ2014 ከሁለት ሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ታላቁን የአንጎል ምርምር ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ የሹመትና የሽልማት ዝርዝር ለብቻው ብዙ አይናገርም። ክብደት ያለው የጥያቄያቸው አመራረጥ ነው። በከፍተኛ ሒሳብ የሠለጠነ ሰው የሙያውን ረቂቅ ጥያቄዎች ትቶ «ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን አንጎል እንዴት ያውቃል?» የሚለውን፣ ለብዙዎች ቀላል የሚመስለውን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው። ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን ያሳየውም ደሃን ከነርቭ ሐኪሙ ከሎራን ኮሄን ጋር በ1991 ያሳተሙት የአንድ ሕመምተኛ ጥናት ነው። ሰውየው የግራ አንጎሉ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ሁለትና ሁለት ሲደመር ሦስት ነው ወይም አምስት ነው ቢባል ይቀበላል፤ ዘጠኝ ነው ቢባል ግን ስሕተት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ዓመት ስንት ቀን እንዳለው ሲጠየቅ ወደ 350 ገደማ ይላል። ትክክለኛው ስሌት ጠፍቶበት የግምት ችሎታው ተርፎለታል ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት ሁለቱ ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ የብዛት ግምትና ትክክለኛ ስሌት በተለያዩ መንገዶች የሚሄዱ ሁለት ችሎታዎች ናቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ።

ሦስቱ የቁጥር መልኮች

ደሃን በ1992 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት አንድ ቁጥር በአንጎል ውስጥ በሦስት መልክ ይቀመጣል። አንደኛው በቃል፣ ማለትም «ሰባት» ተብሎ በሚነገረው ድምፅ ሲሆን ሁለተኛው 7 ተብሎ በሚጻፈው ምልክት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰባት ነገር ማለት ምን ያህል እንደሆነ በሚሰማን የብዛት ስሜት ነው። የመጀመሪያው በግራው የአንጎል ክፍል በሚገኙት የቋንቋ ሥፍራዎች፣ ሁለተኛው ከዕይታ ጋር በተያያዙ ሥፍራዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ በአንጎል የላይኛው የኋላ ክፍል በግራም በቀኝም ባለ፣ ኢንትራፓሪየታል ሰልከስ በሚባል ጥልቅ እጥፋት ውስጥ ይስተናገዳል። ደሃንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2003 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው እንዳሳዩት፣ ሰው ቁጥርን ሲያነጻጽርም ሲቀንስም ሲገምትም ይህ እጥፋት ይነቃቃል፤ ቁጥሩ በቃል ቢሰማም በጽሑፍ ቢታይም ለውጥ የለውም።

የብዛት ስሜት ትምህርት ቤት የሚፈጥረው አይደለም። ካረን ዊን በ1992 ባሳተሙት ጥናት የአምስት ወር ሕፃናት አንድ አሻንጉሊት ላይ ሌላ አንድ ተጨምሮ ሁለት ሳይሆን አንድ ብቻ ሲቀር ረዘም ላለ ጊዜ አተኩረው እንደሚያዩ አሳዩ፤ በ2009 ደግሞ ቬሮኒክ ኢዛር፣ ኤሊዛቤት ስፔልኪና ባልደረቦቻቸው ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ብቻ የሆናቸው ሕፃናት የሰሟቸውን ድምፆች ብዛት ከሚያዩዋቸው ምስሎች ብዛት ጋር እንደሚያዛምዱ አረጋገጡ። ፒየር ፒካ፣ ደሃንና ሌሎች በ2004 ያሳተሙት የብራዚል አማዞን ጥናትም ይህን ከሌላ አቅጣጫ ያጠናክረዋል። በጥናቱ የተካተቱት የሙንዱሩኩ ሕዝብ አባላት ከአምስት በላይ ላሉ ቁጥሮች የተወሰነ ቃል የላቸውም፤ ሆኖም ትላልቅ የነጥብ ስብስቦችን አይተው የትኛው እንደሚበልጥ በመገምገም ረገድ ከተማሩት ፈረንሳውያን እምብዛም አልተለዩም። የተለዩት ትክክለኛ ስሌት ሲጠየቁ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ደሃን «የነርቮች ዳግም አገልግሎት» የሚሉት ነው። ሰው ቁጥርን በምልክት መጻፍ የጀመረው ከጥቂት ሺህ ዓመታት ወዲህ ስለሆነ አንጎሉ ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍል ለማዳበር ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ ትምህርት የሚያደርገው ለሌላ ተግባር የቆየውን የነርቭ ሥፍራ ለአዲስ ሥራ ማሰማራት፣ ከሌሎች ሥፍራዎችም ጋር ማገናኘት ነው። ልጁ ብዛትን ይዞ ይመጣል፤ ቃሉን ቤተሰቡና አካባቢው ይሰጡታል፤ ምልክቱን ደግሞ ትምህርት ቤት። የመምህሩ ከባድ ሥራ ሦስቱን ማስተሳሰር ሲሆን ትስስሩ ከላላ ልጁ እስከ መቶ ቢቆጥርም 47 ከ74 ማነሱን ላያውቅ ይችላል። ዲስካልኩሊያ በሚባለው፣ በማስተዋል ችሎታ ማነስ ወይም በትምህርት ጉድለት በማይብራራ የሒሳብ መማር ችግር የሚጠቁ ልጆችም ችግራቸው ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚሁ መገናኛ ላይ ነው።

ከምርምር ማዕከል ወደ መማሪያ ክፍል

በ2015 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ምዘና ፈረንሳይ በ4ኛ ክፍል ሒሳብ ከተሳተፉት የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መጨረሻ ሆና ተገኘች። ከሒሳብ የላቁ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ደጋግማ የወሰደች አገር ልጆቿን መደመርና ማካፈል ማስተማር አቅቷት መታየቷ ብዙ ቁጭት ፈጠረ። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2018 ሳይንሳዊ ምክር ቤት ሲያቋቁም የሊቀ መንበርነቱን ኃላፊነት ለደሃን ሰጠ። ምክር ቤቱ ከደገፋቸው ሥራዎች መካከል በየዓመቱ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚወስዱት አገር አቀፍ ምዘና ይገኝበታል። የምዘናው ዓላማ ልጁን ማሳለፍ ወይም መጣል አይደለም፤ ለመምህሩ «ይህ ልጅ ቁጥርን በመስመር ላይ ማስቀመጥ ይቸገራል» ብሎ በጊዜ መንገር ነው።

የዚህ ምዘና ውጤት ከታሰበው በላይ ተናገረ። በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመውና ስፔልኪና ደሃን የተሳተፉበት ጥናት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ የፈረንሳይ ልጆችን ውጤት መርምሮ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች 1ኛ ክፍል ሲገቡ በሒሳብ እኩል መሆናቸውን፣ ከአራት ወር ትምህርት በኋላ ግን ወንዶቹ መቅደም እንደሚጀምሩና ልዩነቱ በቀጣዩ ዓመት እየሰፋ እንደሚሄድ አሳየ። ልዩነቱ የሚጨምረው ከልጁ ዕድሜ ይልቅ በትምህርት ቤት ከቆየበት ጊዜ ጋር ስለሆነ ምክንያቱን በተፈጥሮ ማሳበብ አይቻልም፤ በክፍል ውስጥ በሚሆነው ነገር መፈለግ አለበት። ለዚህ ትንታኔ ከሁሉም በላይ ትርጉም ያለው የጊዜው አጭርነት ነው። አራት ወር ማለት በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው።

ደሃን በ2018 ባሳተሙትና ስለ መማር በሚተርከው መጽሐፋቸው የመማርን ሥርዓት በአራት ምሰሶዎች ያቆሙታል፤ እነርሱም ትኩረት፣ ንቁ ተሳትፎ፣ ስሕተትን ወዲያው አውቆ ማረምና የተማሩትን በመደጋገምና በእንቅልፍ ማጽናት ናቸው። ሦስተኛው በተለይ ከተለመደው የክፍል ሥርዓት ጋር ይጋጫል። አንጎል የሚማረው የገመተውና የሆነው ሲለያዩ ስለሆነ ስሕተት የትምህርት ዋነኛ መሣሪያ ነው፤ ልጁ በተሳሳተ ቁጥር የሚዋረድ ከሆነ ግን መገመቱን ያቆማል፤ መገመት ሲያቆም መማሩም ይቆማል።

የገበያ ሒሳብና የሰሌዳ ሒሳብ

ይህ ሁሉ በአብርሃ ጅራ ምን ትርጉም አለው? አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ማዕከል ስትሆን ወረዳው ከመተማና ከቋራ ጋር የምዕራብ ጎንደር ዞን አካል ነው። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ በእርሻ ወቅት ከደጋው ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ይወርዱበታል። መተማ ዮሐንስ ደግሞ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የንግድ በር ናት። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድግ ልጅ ቁጥርን የሚያውቀው ከደብተር በፊት ነው። ኩንታል መቶ ኪሎ መሆኑን፣ የሰሊጥ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የቤት ወጪ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ብር በሱዳን ገንዘብ እንዴት እንደሚመነዘር፣ ውኃና ማስቲካ ሲሸጥ መልስ እንዴት እንደሚሰጥ በዓይኑ ያያል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይሠራዋል።

እንዲህ ያሉ ልጆች በትምህርት ቤት ሒሳብ ለምን ይወድቃሉ? የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር በጥንቃቄ ተጠንቷል። ቴሬዚኛ ኑኔስና ባልደረቦቿ በ1985 በብራዚል በሬሲፊ ከተማ አምስት የመንገድ ነጋዴ ልጆችን ተከታትለው፣ ሲሸጡ ከቀረበላቸው ስሌት 98 በመቶ ያህሉን በትክክል ሲሠሩ ተመሳሳዩ ስሌት በወረቀት ላይ በምልክት ብቻ ሲቀርብላቸው ግን የመለሱት 37 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደነበር አገኙ። ጥናቱ በልጆች ቁጥር ትንሽ ስለነበር ለረጅም ጊዜ እንደ አስደናቂ ምሳሌ ብቻ ሲጠቀስ ኖረ። በ2025 ግን የኢኮኖሚ ኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፣ ከስፔልኪና ከሌሎች ጋር በሕንድ በኮልካታና በዴልሂ ገበያዎች ከ1,400 የሚበልጡ ሠራተኛ ልጆችን ያካተተ ጥናት አሳተሙ። የገበያ ልጆቹ የተወሳሰበ የዋጋ ስሌት በቃል ይሠራሉ፤ ከዚያ የቀለለውን የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ግን አይመልሱም። ገበያ የማያውቁት ተማሪዎች በተቃራኒው በወረቀት ላይ ይሻላሉ፤ የገበያው ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ይወድቃሉ። ጥፋቱ የሁለቱም ልጆች አእምሮ አይደለም፤ አንዱን ዕውቀት ከሌላው የሚያገናኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

የሕንዱ ውጤት የደሃንን ንድፈ ሐሳብ በገበያ መካከል የሚያሳይ ነው ማለት ይቻላል። ነጋዴው ልጅ ብዛትንና ቃልን አስተሳስሯል፤ ምልክቱ ግን ከሁለቱ ተነጥሎ ቀርቷል። የ1ኛ ክፍል መምህር 3 × 25 የሚለውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ አምሳና ሃያ አምስት ሰባ አምስት ብሎ መንገድ ላይ የሚቆጥረው ልጅ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚነግረው ካጣ፣ ሒሳብን እንደማያውቅ ራሱን ያሳምናል። ይህ አላስፈላጊ ኪሳራ ነው፤ ልጁ ያለውን ሀብት ትምህርት ቤቱ አልቆጠረለትምና።

ይሁን እንጂ የብዛት ስሜትን ብቻ ማጎልበትም በቂ አይደለም። ሞይራ ዲሎን፣ ዱፍሎ፣ ስፔልኪና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በዴልሂ በ214 ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ከ1,500 የሚበልጡ ልጆችን አካተው ከፊሎቹን ለአራት ወራት የብዛትና የቅርጽ ጨዋታዎች አጫወቱ። የልጆቹ የብዛት ግምት ከዓመት በላይ የዘለቀ መሻሻል አሳየ፤ 1ኛ ክፍል ሲገቡ ግን የምልክት ሒሳባቸው ካልተጫወቱት አልተሻለም። በአንጻሩ በአሜሪካ ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ በ2008 እንዳሳዩት፣ ከ1 እስከ 10 የተጻፉ ቁጥሮች በተርታ በተቀመጡበት ሰሌዳ ላይ ለአሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ አራት ጊዜ ብቻ የተጫወቱ የድሃ ቤተሰብ ልጆች የቁጥር ዕውቀታቸው በግልጽ ተሻሽሏል። ልዩነቱ በሁለተኛው ጨዋታ ልጁ ቁጥሩን እያየ፣ ስሙን እየጠራ፣ ርቀቱን በእጁ እየለካ መሄዱ ነው። በኢትዮጵያ ገበጣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያሉ ማከፋፈልን፣ አስቀድሞ መቁጠርንና ማሰብን የሚጠይቅ ጥንታዊ ጨዋታ ነው፤ የጎደለው የተጻፈው ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ከየጉድጓዱ አጠገብ ቁጥር መጻፍና ልጁ እያነበበ እንዲጫወት ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ ነው።

ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ቁጥር

በቆላው የሚኖር ልጅ ሁኔታ በቋንቋም ይለያል። ደሃን፣ ስፔልኪና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ጥናት ሩሲያኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎችን በአንዱ ቋንቋ አዳዲስ ስሌቶችን አስተማሯቸው። ትክክለኛ ስሌት በተማሩበት ቋንቋ ሲጠየቅ ፈጠነ፤ በሌላው ቋንቋ ሲጠየቅ ዘገየ። ግምት ግን በየትኛውም ቋንቋ እኩል ነበር። ትክክለኛ ስሌት ከቃል ጋር ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። በአማራ ክልል የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የ1ኛ ደረጃ መሠረት መሆኑ በዚህ ረገድ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ በአንጻሩ በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሲሆን በአማርኛ የተቀመጠው ስሌት ሁሉ እንደ አዲስ መፈለጉ የማይቀር ነው። በመተማና በቋራ የሚኖሩ ጉሙዝኛ ተናጋሪ ልጆች ደግሞ ይህ ሽግግር የሚጠብቃቸው ገና በር ላይ ነው።

አማርኛ ለቁጥር የተመቸ ቋንቋ ነው። ከአሥራ አንድ ጀምሮ አሥሩን አስቀድሞ አንዱን ያስከትላል፤ «ሃያ ሦስት» የሚለው አነጋገር 23 ተብሎ ከሚጻፈው ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል፤ የአሥር ቤትና የአንድ ቤት በንግግሩ ውስጥ ይሰማሉ። በድንበሩ ገበያ የሚሰማው ዓረብኛ ግን ሦስቱን ቀድሞ ሃያውን ያስከትላል። በጀርመንኛም ተመሳሳይ አሠራር ስላለ በኦስትሪያ ልጆች ላይ በ2009 የታተመ ጥናት፣ ሕፃናት የሰሙትን ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ሲጽፉ ከሚፈጽሟቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ አኃዞቹን መገልበጥ መሆናቸውን አሳይቷል። በአብርሃ ጅራ ወይም በመተማ 32ን 23 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሲገኝ መምህሩ ከስንፍና ከመቁጠሩ በፊት ልጁ ገበያ ላይ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቆጥር ቢጠይቅ፣ ችግሩ በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚቃና ሊሆን ይችላል።

የአካባቢው ባህልም ስሌትን በቃል የመያዝ ልምድ አለው። በአብነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ከቀሪው ላይ አንድ በመቀነስ ወንበሩን ያገኛል፤ ወንበሩ በ11 ሲባዛና ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ሲባዛና ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ የሁለቱ ድምርም ሁልጊዜ 30 ነው። ለምሳሌ ለ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7516፣ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይሆናል። በዘመናዊው ሒሳብ የቀሪ ስሌት የሚባለውን ይህን ዘዴ ወጣት ተማሪዎች በቃላቸው ሲያወጡት የኖሩ መሆናቸው፣ ሒሳብ ከውጭ የመጣ ባዕድ ዕውቀት ነው የሚለውን ስሜት ያፈርሳል። ስሌቱን እንደ ምሳሌ ወደ መደበኛው ክፍል ማምጣት ለበላይ ክፍሎች ማካፈልን ለማስተማር የተመቸ ነው።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ

የፈረንሳዩ ጥናት የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በልጁ ላይ ምን ያህል እንደሚሠሩ ካሳየ፣ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከባድ ችግር በእነዚሁ ወራት መከማቸቱን ማስተዋል ያስፈልጋል። የሰሊጥ አጨዳ የሚጀምረው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ከቆየ ፍሬው ስለሚረግፍ የቤተሰቡ ጉልበት ሁሉ፣ የልጆቹም ጭምር፣ ወደ ማሳ ይወጣል። ክረምቱ ካበቃ በኋላ የወባ ወቅትም የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ነው። በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የምዕራብ ኬንያ ጥናት፣ በየተወሰነ ጊዜ የወባ መድኃኒት የተሰጣቸው ተማሪዎች የደም ማነሳቸው በእጅጉ መቀነሱንና ትኩረታቸው መሻሻሉን አሳይቷል። ከደሃን አራት ምሰሶዎች የመጀመሪያው ትኩረት እንደመሆኑ ትኩሳት ያለበትን ልጅ በምንም ዓይነት የማስተማር ዘዴ መድረስ አይቻልም። አካባቢው ካላዛር የተባለው በሽታ ከሚያጠቃቸው ሥፍራዎችም አንዱ ነው።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ሚሊዮኖች ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነት ደግሞ በመተማ በኩል ስደተኞችን ወደ አካባቢው አስገብቷል። የአንጎል ሳይንስ ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ የሚያሳየው የሚከፈለው ዋጋ የት እንደሚያርፍ ነው። 10ኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ የተማረውን ይዞ ይቆያል፤ 1ኛ ክፍል ያልገባ ወይም በአጋማሹ ያቋረጠ ልጅ ግን ቃል፣ ምልክትና ብዛት የሚተሳሰሩበትን ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት እንደገና በሚከፈትበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የትኛው ክፍል ቅድሚያ ያግኝ የሚለው ሲሆን ከላይ የቀረበው ሁሉ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ያመለክታል።

የሳይንሱ ወሰን

የደሃን ሥራ ያለ ተቺ አልቀረም። አሜሪካዊው ጆን ብሩየር ገና በ1997 ከአንጎል ምርምር በቀጥታ ወደ መማሪያ ክፍል የሚዘረጋ ድልድይ እጅግ ርቆ የሚሄድ መሆኑን፣ መምህሩን የሚጠቅመው የአንጎል ፎቶግራፍ ሳይሆን የልጁን አስተሳሰብ የሚያጠናው ሥነ ልቦና መሆኑን ጽፎ ነበር። ትችቱ ዛሬም ክብደት አለው። አንድ ሥፍራ በምስል ላይ ማብራቱ ልጁን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ አይናገርም፤ ደሃን ራሳቸው ዲስካልኩሊያ ላለባቸው ልጆች በመሩት የኮምፒውተር ጨዋታ የተገኘው መሻሻልም መጠነኛ ነበር። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የአንጎል ምስል ጥናት የተካሄደው በበለጸጉ አገሮች ልጆች ላይ ስለሆነ ውጤቱን ሳይመረምሩ ወደ ቆላው ማምጣት ትክክል አይሆንም።

ይሁንና ትችቱ ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመራል። የአማዞኑ፣ የሬሲፊውና የሕንዱ ጥናት ኤም አር አይ አልጠየቀም፤ የጠየቀው የነጥብ ስብስቦችን፣ የወረቀት ሰሌዳንና ልጆቹ ባሉበት ተገኝቶ በትዕግሥት ማዳመጥን ነው። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንና ሥነ ልቦናን አብሮ የያዘ፣ ለቆላው ወረዳዎችም የቀረበ ተቋም ነው። በገበያ የሚሠሩ የመተማና የአብርሃ ጅራ ልጆች በቃልና በወረቀት ምን ያህል እንደሚያሰሉ፣ በአማርኛና በዓረብኛ ሲጠየቁ ምን እንደሚለወጥ፣ ከወባ ወቅት በፊትና በኋላ ትኩረታቸው እንዴት እንደሚለያይ መመዝገብ ለዓለም ሳይንስም አዲስ ነገር የሚጨምር ጥናት ነው። የዚህ ዓይነት ምርምር የሥራ ሕይወት ለመጀመር አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የሚያስፈልገው ጥያቄውን የሚያከብርለት ተቋም ነው።

ውሳኔ ለሚሰጡት ደግሞ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች የቁጥር ዕውቀት በጥር ወር፣ ለማሳለፍና ለመጣል ሳይሆን መምህሩ ማንን መርዳት እንዳለበት እንዲያውቅ፣ በአጭር ምዘና ይታይ። ሁለተኛ፣ በቆላው ወረዳዎች የትምህርት ዘመኑ የአጨዳውን ሳምንታት ያገናዘበ ይሁን፤ የቀረው ልጅ የሚካካስበት ጊዜም አስቀድሞ ይመደብ። ሦስተኛ፣ የመምህራን ኮሌጆች የታችኛ ክፍል መምህራንን ሲያሠለጥኑ የገበያውን ስሌት ወደ ሰሌዳው የማምጣትን፣ ስሕተትን ያለ ውርደት የማረምን፣ ሴት ልጆችን በሒሳብ ጥያቄ እኩል የመጥራትን ጥበብ ዋነኛ ትምህርት ያድርጉት።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚቀድመው የክብር ጥያቄ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ የሚባለው መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይመደባል፤ 1ኛ ክፍል ለጀማሪው ወይም ለደከመው ይተዋል። ደሃን በሒሳብ ከአገራቸው ምርጦች ጋር የሠለጠኑ ሰው ሆነው ሳለ አንድ ልጅ ሦስት ምን እንደሆነ እንዴት ይረዳል የሚለውን ጥያቄ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ሥራ አድርገው ያዙት፤ ኮሌዥ ደ ፍራንስም ወንበር ሰጣቸው። በአብርሃ ጅራ የ1ኛ ክፍል ሒሳብን የሚያስተምረው መምህር በዕውቀቱ፣ በደመወዙና በሥልጠናው ከትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው እንዲሆን መወሰን ከዚያ ያነሰ ቁም ነገር አይደለም፤ ክልሉ በራሱ አቅም ሊጀምረው የሚችለውም ሥራ ይህ ነው።